ሐሳባችን የት ይቀመጥ? የጋራ መሥሪያ ቦታን ስለማዘጋጀት



ብዙዎቻችን የሥራ ሐሳብ ይዘን እንመረቃለን። ቢሮ ለብቻ መከራየት ግን ከአቅማችን በላይ ስለሆነ ሐሳቡ ዶርም ውስጥ ይቀራል። መፍትሔው የጋራ መሥሪያ ቦታ ነው። ናይሮቢ ውስጥ አይሃብ በ2010 እ.ኤ.አ. ተከፈተ። አይስአዲስ ደግሞ በ2011 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ሕንፃ ተቋም ግቢ ተጀመረ።

ጥሩ ቦታ ምን ይፈልጋል?

አንደኛ፣ ድምፅን መለየት። ኮድ የሚጽፍና ደንበኛ የሚያነጋግር በአንድ ጠረጴዛ አይስማሙም። ጸጥተኛው ክፍል ከመግቢያው ይራቅ፤ ለስልክ ትንሽ ዝግ ክፍል ይኑር።

ሁለተኛ፣ መገናኛ። የሻይ ቡናው ጥግ ሁሉም በሚያልፍበት ይሁን። ሶፍትዌር የሚሠራውና ሒሳብ የሚያውቀው የሚተዋወቁት እዚያ ነው።

ሦስተኛ፣ እንደ ሥራው መለዋወጥ። በአሜሪካው ኤም.አይ.ቲ. በ1943 እ.ኤ.አ. ለራዳር ምርምር ለጊዜው ተብሎ በእንጨት የተሠራው «ሕንፃ 20» እስከ 1998 ቆይቷል። ተመራማሪዎቹ ግድግዳውን እንደ ሥራቸው ያፈርሱ ስለነበር አዲስ ሙከራ ቦታ አያጣም ነበር።

ስለዚህ ግቢያችንን ስንጠይቅ ውድ ዕቃ አናስቀድም። አንድ ባዶ ክፍል፣ የሚንቀሳቀስ ጠረጴዛ፣ የማይቋረጥ መብራትና ኢንተርኔት ይበቃናል። ቀሪውን ኢንሻአላህ አብረን እንሠራዋለን።