የቴአትር ዜማ ደራሲ ከኢንዲ (ነፃ) ሙዚቀኞች ጋር ቢሠራ ምን ያተርፋል?

ጥያቄ፦ ለሙዚቃዊ ቴአትር ዜማ እደርሳለሁ። ፕሮዲዩሰር እስካገኝ ልጠብቅ ወይስ ዘፈኖቼን በትንንሽ መድረኮች ላሰማ?

መልስ፦ አይጠብቁ። ሙዚቃዊ ቴአትር ለመድረክ እስኪበቃ ዓመታት ይፈጃል፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ ዜማው ከመሳቢያ ካልወጣ ደራሲው ዳኛ የሚያደርገው የራሱን ጆሮ ብቻ ነው። አሜሪካዊቷ ዘፋኝና የዜማ ደራሲ አናኢስ ሚቼል «ሄድስታውን» የተሰኘ ሙዚቃዊ ቴአትሯን እ.ኤ.አ. በ2006 በቬርሞንት በአነስተኛ ዝግጅት አሳየች። በ2010 ደግሞ የቦን ኢቨር ባንዱ ጀስቲን ቨርነን የዘፈነበትን የቴአትሩን ዘፈኖች አልበም፣ ዘፋኟ አኒ ዲፍራንኮ በመሠረተችው ነፃ አሳታሚ በኩል አወጣች። ስለዚህ ቴአትሩ በ2016 ኒው ዮርክ ሲደርስ ዘፈኖቹን አስቀድሞ የሚያውቅ አድማጭ ነበረው። በ2019 ብሮድዌይ ገብቶ 8 የቶኒ ሽልማት ወሰደ፤ የምርጥ ሙዚቃዊ ቴአትርና የምርጥ ወጥ ሙዚቃ ድርሰት ሽልማቶች ከነዚሁ ውስጥ ናቸው።

«የቴአትር ዘፈን ከታሪኩ ሲነጠል ይሞታል» የሚሉ አሉ። ለአንዳንዱ ዘፈን እውነት ነው፤ ሴራ የሚያራምድ ንግግር መሰል ዜማ ቡና ቤት ውስጥ አይቆምም። የገጸ ባሕርይን ናፍቆት ወይም ፍርሃት የተሸከመ ዘፈን ግን ይቆማል፤ ካልቆመም ድክመቱ እዚያው ይታያል። በርግጥ የኮንሰርት አድማጭ ድራማ አያስተምርም። ሚቼልም ከአልበሙ በኋላ ከአዘጋጇ ሬቸል ቻቭኪን ጋር ለዓመታት ግጥሞቿን ስትከልስና አዳዲስ ዘፈኖች ስትጨምር ቆይታለች። አንዱ መድረክ ሌላውን አይተካም፤ ሁለቱም ያስፈልግዎታል። ከትንንሽ መድረኮች የሚገኘው ገንዘብ ትንሽ ነው፤ ያንን አልክድም።

ሦስት ዘፈን መርጠው ከአንድ ባንድ ጋር ይጀምሩ፤ የቴአትር መብትዎን ግን በአልበም ውል አሳልፈው አይስጡ።