ሞሪሸስ ለተመሳሳይ ጾታ ጥንዶች፦ ከመሄዳችሁ በፊት

ተመሳሳይ ጾታ ያላቸው ጥንዶች ሞሪሸስን ሲያስቡ ከሆቴሉ ዋጋ በፊት የሚያስጨንቃቸው እንታሰር ይሆን የሚለው ነው። አትታሰሩም። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 250 በወንዶች መካከል የሚደረግን ወሲብ እስከ 5 ዓመት እስራት ያስቀጣ ነበር። ሪያን አህ ሲክ የተባለ ሞሪሸሳዊ ይህን አንቀጽ ተቃውሞ ከሰሰ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 4 ቀን 2023 ፈረደለት። ከዚያ ወዲህ አዋቂ ወንዶች ተፈቃቅደው በግላቸው የሚያደርጉት ወንጀል መሆኑ ቀርቷል። የፍርዱ ምክንያት ለእኛ ለአፍሪካውያን ልዩ ክብደት ያለው ይመስለኛል። ፍርድ ቤቱ አንቀጹ የሞሪሸስ ሕዝብ ፈቃድ የወለደው እንዳልሆነ፣ ይልቁንም የእንግሊዝ ቅኝ አገዛዝ የጫነው እንደሆነ በግልጽ ጽፏል።

ይህ ማለት ግን ሁሉም መብት ተሟልቷል ማለት አይደለም። የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻ በአገሪቱ አይፈቀድም። ብዙ የውጭ አገር ሰዎች ሞሪሸስ ሄደው ባሕር ዳር ይሞሸራሉ፤ ሆቴል ለእናንተም አበባና ሙዚቃ ያለው ዝግጅት ሊያሰናዳ ይችላል፣ በክብር መዝገብ ግን አይመዘገብም። ሌላ አገር ተጋብታችሁ ብትሄዱም በሕጉ ዓይን ባዕድ ለባዕድ ናችሁ። ይህ የሚከብደው አንዳችሁ የታመማችሁ ዕለት ነው። ስለዚህ አንዱ ስለ ሌላው ሕክምና እንዲወስን የሚፈቅድ የተፈረመ ወረቀት ያዙ፤ የጉዞ መድኑም ላይ ሁለታችሁም በስም ተጠቀሱ። አምቡላንስ 114፣ ፖሊስ 999 ነው።

በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው የእኩል ዕድል አዋጅ በጾታዊ ዝንባሌ ምክንያት በሥራም ሆነ በመኝታና በሌላ አገልግሎት መድልዎ ማድረግን ይከለክላል። ለሁለታችሁ ባለ አንድ አልጋ ክፍል መያዝ መብታችሁ ነው። በግራን ቤ፣ በፍሊክ አን ፍላክና በለ ሞርን አካባቢ ያሉ ትልልቅ ሆቴሎች ብዙ ዓይነት እንግዳ ስለለመዱ ጥያቄ አያበዙም። ባለቤቶቹ አብረው በሚኖሩበት አነስተኛ የእንግዳ ማረፊያ ግን ክፍሉን ከመያዛችሁ በፊት ሁለት ወንዶች ወይም ሁለት ሴቶች መሆናችሁን በግልጽ ጻፉ። ደርሳችሁ ፊት ከሚጠቁርባችሁ ይልቅ መልሱን አስቀድሞ ማወቅ ይሻላል።

ከባሕር ዳር ወደ ውስጥ ስትገቡ ኑሮው ሌላ ነው። ከሕዝቡ ግማሽ ያህሉ ሂንዱ ነው፤ ክርስቲያኑና ሙስሊሙም ብዙ ነው፣ ሁሉም ለሃይማኖቱ ቀናዒ ነው። ብዙ ቤተሰብ በአንድ ቤት ላይ ፎቅ እየጨመረ ከልጅና ከልጅ ልጅ ጋር ይኖራል። በእንዲህ ያለ ቤት ያደገ ወጣት የሚፈራው ፖሊስን ሳይሆን የእናቱን ዝምታና "መቼ ነው የምታገባው?" የሚለውን የአጎት ጥያቄ ነው። የአገሬውን ሰው ስትተዋወቁ ይህን አትርሱ፤ ፎቶውን ሳይፈቅድ አታውጡ፣ ስለ እሱ ለሌላ ሰው አታውሩ። እናንተ ተመልሳችሁ ትሄዳላችሁ፤ እሱ እዚያው ይኖራል። በመተግበሪያ ከተዋወቃችሁት ሰው ጋር መጀመሪያ ሰው በሚበዛበት ቦታ ተገናኙ።

በገበያና በመንደር እጅ ለእጅ መያያዝ የሰው ዓይን ይስባል፤ መሳሳም ለወንድና ሴት ጥንዶችም አይመከርም። እንደ ጋንጋ ታላው ባለ የሂንዱ መቅደስ ጫማችሁን አውልቁ፣ ትከሻና ጉልበታችሁን ሸፍኑ።

ከአገሬው የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች ማኅበረሰብ ጋር መተዋወቅ የሚፈልግ እ.ኤ.አ. በ2005 የተመሠረተውን ኮሌክቲፍ አርክ ኦን ሲየል የተባለ ማኅበር ያነጋግር። የአህ ሲክን ክስ የደገፈው፣ የፕራይድ ሰልፉንም የሚያዘጋጀው እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ተቃዋሚዎች ወጥተው ሰልፉን ፖርት ሉዊስ ላይ አስተጓጉለውት ነበር። ለመሳተፍ ካሰባችሁ የዓመቱን ቀንና መንገድ ከአዘጋጆቹ አረጋግጡ።

ጉዟችሁን ወደ ሌላ ደሴት ከቀጠላችሁ ሕጉ አብሯችሁ አይሻገርም። ሬዩኒዮን የፈረንሳይ ግዛት ስለሆነች ጋብቻችሁን ታውቃለች። ሲሸልስ እ.ኤ.አ. በ2016 ቅጣቱን አንስታለች። በኮሞሮስና በማልዲቭስ ግን የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነት አሁንም ወንጀል ነው።

ኢትዮጵያ የምትመለሱ ከሆነ ደግሞ ይህንኑ ግንኙነት የሚቀጣው የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 629 እንደሚጠብቃችሁ አስቡ። ከመሳፈራችሁ በፊት የስልካችሁን ፎቶና የጽሑፍ መልእክት አጽዱ፤ ባሕር ዳር አብራችሁ የተነሣችሁትን ምስል ስማችሁን እያያያዘ የሚለጥፍ ወዳጅ እንዳይኖርም አስቀድማችሁ ተነጋገሩ።