ውሃ ትን ሲል፣ ቃል አልወጣ ሲል

ስትሮክ የመታው ሰው ከሆስፒታል ሲወጣ የቤተሰቡ ጭንቀት እጅና እግሩ ነው። ይነሳ ይሆን? ይራመድ ይሆን? እኔ ግን ከሁሉ በፊት አዋዋጡን እዩ እላለሁ።

በምንውጥበት ቅጽበት ማንቁርት ወደ ላይ ከፍ ይላል፣ ክዳኑ ይደፋል፣ የድምፅ አውታሮች ይገጥማሉ፣ ትንፋሽም ለአፍታ ይቆማል። የተጎዳ አንጎል ይህን ማቀናጀት ሲያቅተው ምግቡ ወደ ሳንባ ይገባል። የንግግር ሕክምና ባለሙያ የአዋዋጥ ችግርንም የሚያክመው ለዚህ ነው፤ ከንፈር፣ ምላስ፣ ላንቃና ማንቁርት ለመናገርም ለመዋጥም ያገለግላሉ።

«ውሃ ምን ይጎዳዋል?» ይባላል። ይጎዳዋል። ውሃ ቀጭን ስለሆነ የደከመው ምላስ ሳይሰበስበው ሽው ብሎ ይወርዳል። ወፈር ያለ አጥሚት ግን ዝግ ብሎ ስለሚሄድ ማንቁርት ለመዘጋት ጊዜ ያገኛል። ቢሆንም ለማን ምን ያህል ይወፍር የሚለውን የሚወስነው ምርመራ ነው፤ ታማሚው ባሪየም የተቀላቀለበት ምግብ እየዋጠ ጉሮሮው በራጅ ይቀረጻል። ትን የሚለው ሁሉ ደግሞ አያስልም። ከጠጣ በኋላ ድምፁ እንደ እርጥብ ነገር ከተንኮረኮረ፣ ትኩሳት ከተመላለሰበት ወይም ሳንባ ምች ከደጋገመው ሳይውል ሳያድር ሐኪም ይየው።

ጋደም ባለበት አታጉርሱት። ቀጥ ብሎ ይቀመጥ፤ በልቶም ግማሽ ሰዓት ያህል ሳይተኛ ይቆይ። ጉርሻ ፍቅር መሆኑን አውቃለሁ፤ ለእሱ ግን መጠኑ የሻይ ማንኪያ ነው፣ የፊተኛው ከአፉ መጥፋቱም ሳይታይ ሁለተኛው አይከተልም። ጥርሱን አዘውትሮ ማጽዳትም የሕክምናው አካል ነው፤ ምራቅ ወደ ሳንባ ሲገባ የአፍ ባክቴሪያ ይዞ ይገባልና።

ወደ ንግግሩ እንምጣ። በ1861 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ፖል ብሮካ የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም «ታን» ከማለት በቀር ሌላ ቃል መናገር እምብዛም የማይችል ታማሚ ገጠመው። ሰውየው የሚሉትን በአመዛኙ ይረዳ ነበር። ከሞተ በኋላ አንጎሉ ሲመረመር የግራው የፊት ክፍል ተጎድቶ ተገኘ። ዛሬም በየቤቱ እንዲህ ያለውን ሰው ጆሮው እንደማይሰማ ቆጥረው ይጮኹበታል፣ ወይም እሱ ባለበት ስለ እሱ ያወራሉ። ይህ በጣም ያሳዝነኛል።

ስታናግሩት ሬዲዮኑን ዝጉ። የሻይና የቡና ስኒ አሳዩትና «አባባ፣ ሻይ ይሻላል ቡና?» ብላችሁ ጠይቁት። ከዚያ ጠብቁ፤ ቃሉን ከአፉ አትንጠቁት። ስሙን መጥራት ያቃተው ሰው «ሰኞ፣ ማክሰኞ» ብሎ ሊቆጥር፣ አቡነ ዘበሰማያትን ወይም ፋቲሓን ሊደግም፣ ዘፈን ከነግጥሙ ሊያዜም ይችላል። በ1970ዎቹ ቦስተን የነበሩ ባለሙያዎች ይህን ተመርኩዘው አጫጭር ሐረጎችን በዜማና በግራ እጅ ምት የማለማመድ ዘዴ ቀየሱ። «ውሃ ስጡኝ» መጀመሪያ ይዜማል፤ ከዚያ ዜማው ቀስ በቀስ እየሳሳ ወደ ንግግር ይጠጋል። ፈጣኑ ለውጥ የሚታየው በመጀመሪያዎቹ ወራት ቢሆንም፣ ከዓመታት በኋላ አዲስ ቃል የሚያወጡ አሉና ልምምዱን አታቋርጡ።