ነሐሴ 1፦ ጎንደር ላይ የተሰቀሉት ሁለት መነኮሳት

ከፍራንቼስኮሳውያን ወገን የሆኑት የካፑቺን መነኮሳት ኦገስት 7ን የብፁዓን አጋታንጀሎና ካሲያኖ መታሰቢያ አድርገው ያከብሩታል። በእኛ አቆጣጠር ቀኑ ነሐሴ 1፣ ጾመ ፍልሰታ የሚገባበት ዕለት ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

እነማን ነበሩ?

አባ አጋታንጀሎ በ1598 በፈረንሳይ ቫንዶም ተወለዱ። አባ ካሲያኖ የናንት ልጅ ናቸው፤ ወላጆቻቸው ግን ፖርቱጋላውያን ነበሩ። ሁለቱም ካፑቺኖች ሲሆኑ በካይሮ አብረው አገለገሉ።

ከእነሱ በፊት የሆነው

ከእነሱ በፊት የሆነውን ሳይናገሩ በዓሉን ማስረዳት አይቻልም። አፄ ሱስንዮስ በ1622 ካቶሊክነትን ተቀበሉ። በ1625 የመጡት ኢየሱሳዊው ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴዝ ደግሞ ነገሩን አከረሩት፦ ሕዝቡ ዳግም ይጠመቅ፣ ካህናቱ እንደገና ይካኑ፣ የቅዳሜ ሰንበት ይቅር ተባለ። አገር ታመሰ፤ ወንድም ከወንድሙ ተዋጋ። በ1632 ንጉሡ የአባቶችን ሃይማኖት መልሰው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲል ለቀቁ። አፄ ፋሲልም ኢየሱሳውያኑን ከአገር አስወጡ። ከዚያ በኋላ «ከሮም መጣሁ» የሚል ነጭ በጎንደር ቤተ መንግሥት እንዴት ሊታይ እንደሚችል መገመት አያዳግትም።

የተለየ አካሄድ

አባ አጋታንጀሎ ግን የሜንዴዝ ዓይነት ሰው አልነበሩም። በግብፅ ከኮፕት ፓትርያርክ ጋር ተወዳጅተው ነበር፤ በቅዱስ እንጦንስ ገዳም ተቀምጠው ከመነኮሳቱ ጋር ተነጋግረዋል። የሚያማርሩትም በኮፕቶች ላይ አልነበረም፤ በካይሮ የሚኖሩ አውሮፓውያን ካቶሊኮች ኑሮ አሳፋሪ ሆኖ ሥራችንን አበላሸብን እያሉ ነበር። (ይህን ክፍል ተማሪዎቼ ከሁሉ በላይ ያስታውሱታል።) እንግዲህ እኚህ ሰው የሜንዴዝን ዕዳ ሊከፍሉ ነው ወደ ኢትዮጵያ የወጡት።

ፍርዱና ሞቱ

እንደ ኮፕት መነኮሳት ለብሰው መጡ፤ ድባርዋ ላይ ተያዙና በሰንሰለት ታስረው ወደ ጎንደር ተወሰዱ። የካፑቺን ጸሐፊዎች ጳጳሱን አቡነ ማርቆስን ያስቆጣባቸው ፒተር ሃይሊንግ የተባለ ከሉቤክ የመጣ ጀርመናዊ ሉተራዊ ነው ይላሉ። በዚያን ጊዜ የነበረው የአውሮፓ የካቶሊኮችና የሉተራውያን ጠብ እስከ ጎንደር ድረስ መዝለቁ ይገርማል።

ሃይማኖታቸውን ቢተዉ እንደሚተርፉ ተነገራቸው፤ እምቢ አሉ። በ1638 ሞት ተፈረደባቸው። መስቀያ ገመድ አልተገኘም ነበር ይባላል። እነሱም ወገባቸው ላይ የታጠቁትን የፍራንቼስኮሳውያን ገመድ አሳይተው «ይህ ይበቃል» አሏቸው፤ በዚያው ተሰቀሉ። ከዚያም ሕዝቡ በድንጋይ ወገራቸው።

በቤተ ክርስቲያን ያላቸው ማዕረግ

ብፅዕናቸውን ያወጁት ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 10ኛ በ1905 ነው። ቅድስና ገና አልታወጀላቸውም፤ ስለዚህ በዓላቸው በዓለም ካቶሊክ ሁሉ አይከበርም፣ በዋናነት የማኅበራቸው ነው። በላቲን ሥርዓት ካህኑ የሰማዕት ቀን በመሆኑ ቀይ ልብስ ይለብሳል።

አንድ ጥያቄ

«ታዲያ አፄ ፋሲል ጨካኝ ነበሩ ማለት ነው?» ብሎ የማይጠይቅ ክፍል የለም። እኔ የምመልሰው፣ አባታቸው በሃይማኖት ምክንያት አገር ሲያፈርሱ ያዩ ንጉሥ ነበሩና ፍርሃታቸው ከመሬት የተነሣ አልነበረም፤ ያለ ወታደርና ያለ ጠመንጃ የመጡ ሁለት መነኮሳትን በዚያ ፍርሃት መስቀላቸው ግን የራሳቸው ፍርድ ነው ብዬ ነው።