በብርድ ጠዋት የሚለግመው ካልኩሌተር

ጥያቄ፦ ሽሮ ሜዳ የሐበሻ ልብስ እሸጣለሁ። የካልኩሌተሬ ባትሪ ሲደክም ቁጥሩ ይደበዝዛል፤ የእንጦጦ ብርድ በሚጠናበት ጠዋት ደግሞ ቁጥሩ ለመቀየር ይለግማል። የሁለቱ ምክንያት አንድ ነው?
ከጉለሌ

መልስ፦ አይደለም፤ ሒሳቡ ለያይቶ ያስቀምጣቸዋል።

በካልኩሌተሩ ስክሪን ሁለት ስስ መስታወቶች መሃል ጥቂት ማይክሮሜትር ብቻ የሚወፍር ፈሳሽ ክሪስታል አለ። ለእርስዎ ሰፈር ሰው ምሳሌው ቅርብ ነው፤ ሸማኔ የወጠረውን ድር ያስቡ። ጫፍና ጫፉ ታስሯል፣ መሃሉን ግን በጣት ሲገፉት ይለመጣል። ዘንግ መሰል ሞለኪውሎቹም መስታወቱ አጠገብ ተይዘዋል፤ መሃል ያሉትን የኤሌክትሪክ መስኩ ሊያቆማቸው ይገፋል፣ የፈሳሹ የመለጠጥ ኃይል ደግሞ ይመልሳቸዋል። የሒሳብ ሞዴሉ የሁለቱን ጉልበት ደምሮ ድምሩ የሚያንስበትን የዘንበልታ ማዕዘን ይፈልጋል።

ውጤቱ እስካሁን ያስደንቀኛል፦ መነሻ ቮልቴጅ አለ። ከዚያ በታች ሞለኪውሎቹ ፍንክች አይሉም። ሩሲያዊው ፍሬደሪክስ በአውሮፓውያኑ 1920ዎቹ በማግኔት መስክ ያጠናው ክስተት ይህ ነው። የንብርብሩ ውፍረት ከመነሻው ቀመር ተሰርዞ ይወጣል፤ በተለመዱት ፈሳሾች መነሻው ከ1 እስከ 2 ቮልት ገደማ ወይም ከዚያም በታች ነው። የደከመ ባትሪ ወደዚህ ጠርዝ ስለሚጠጋ ሞለኪውሎቹን በበቂ አያዘነብላቸውም፤ ቁጥሩም ይደበዝዛል።

የጠዋቱ ልግመት ግን የጊዜ ጉዳይ ነው። ሞለኪውሎቹ ወደ ቦታቸው የሚመለሱበት ጊዜ ከፈሳሹ ዝልግልግነትና ከንብርብሩ ውፍረት ካሬ ጋር ያድጋል፤ ውፍረቱ እጥፍ ቢሆን ጊዜው አራት እጥፍ ይሆናል። ብርድ ፈሳሹን እንደ ማር ዝልግልግ ያደርገዋል። ስለዚህ ባትሪ ከመግዛትዎ በፊት ካልኩሌተሩን ኪስዎ ውስጥ ትንሽ ያሙቁት።