«ተቀበል»፦ ወዳጅ ለወዳጁ ስለሚልከው ዘፈንና መጽሐፍ

ወዳጅ ለወዳጁ ከሚያደርሳቸው ስጦታዎች መካከል ትንሽ መስለው የሚታዩ ሁለት አሉ። አንዱ የሚያስቅ ዘፈን ነው፤ ሁለተኛው «ይህን መጽሐፍ አንብበው» የሚል ምክር ነው። ዛሬ በገንዳ ውሃ አንድ ወጣት የታወቀ ዘፈን መርጦ፣ ዜማውን ጠብቆ፣ ግጥሙን በቀልድ ለውጦ በስልኩ ይቀዳና በቴሌግራም ለጓደኞቹ ይልካል። በዚያው ስልክ የመጽሐፍ ስምም ይላላካሉ። ይህ ልማድ መልካም ነው። ሆኖም ስጦታው ለሚቀበለው ብቻ ሳይሆን ለሚነካውም ሰው መልካም የሚሆነው እንዴት እንደሆነ መመርመር ይገባናል።

1. ልማዱ ከአባቶች የመጣ ነው

በጎንደር አዝማሪ ባለበት ቤት «ተቀበል» የሚለውን ቃል የማያውቅ የለም። እንግዳው ግጥም ይሰጣል፤ አዝማሪው ተቀብሎ በማሲንቆው ዜማ ያሰማዋል። ግጥሙ ብዙ ጊዜ እዚያው የተቀመጠውን ሰው ይነካል። ነገር ግን የተነካው ሰው በቦታው አለ፤ ተራውን ጠብቆ እርሱም «ተቀበል» ብሎ መልሱን ይሰጣል። ቀልዱ ወዳጅነትን የማያፈርሰው መልስ የመስጠት ዕድል ስላለ ነው። በስልክ የሚላከው ቀልድ ግን የተነካው ሰው በሌለበት ይዞራል። ልዩነቱ ይህ ነው።

2. ድንበር የሚሻገር ዜማ

መተማ በታሪክ የምትነሣው አብዛኛውን ጊዜ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በወደቁበት በ1881 ዓ.ም. ጦርነት ነው። ይሁን እንጂ በዚህ ድንበር የተሻገረው ጦር ብቻ አይደለም፤ ዘፈንም ተሻግሯል። የሱዳን ዘፈን በአብዛኛው እንደ እኛው አምስት ድምፅ ባለው ቅኝት ላይ ስለሚመሠረት ለጆሯችን እንግዳ አይሆንም። በ2004 ዓ.ም. ያረፉት ሱዳናዊው መሐመድ ዋርዲ ዐረብኛ በማያውቁ ኢትዮጵያውያን ዘንድ እንኳ እጅግ የተወደዱት አንድም ስለዚህ ነው።

እንግዲህ አንድ ምሳሌ እናስብ። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ብዙ ስደተኞች በመተማ በኩል ገብተዋል። ከእነርሱ አንዱ በሻይ ቤት ተቀምጧል እንበል። አንድ ወጣት በዋርዲ ዜማ የስደተኞችን የተሰባበረ አማርኛ እያስመሰለ የቀዳውን ዘፈን ይከፍታል። ሁሉም ይስቃል። ሱዳናዊውም ዜማው የአገሩ ስለሆነ ደስ ብሎት አብሮ ይስቃል። ጥቂት ቆይቶም «ምን ይላል?» ብሎ ይጠይቃል። የሚተረጉምለት ሰው ይጠፋል። ያ ዝምታ ፍርድ ነው።

ስለዚህ ለሚነካው ሰው ልንተረጉምለት የማንደፍረውን ቀልድ ለሌላ ሰው አንላክ። ስለ ራሳችን፣ ስለ ቆላው ሙቀትና ስለ ሰሊጥ አጨዳው ጥድፊያ የምንገጥመው ቀልድ ግን ባለ እርሻውንም፣ የቀን ሠራተኛውንም፣ ሱዳናዊውንም አብሮ ያስቃል።

3. መጽሐፍን ስለ መምከር

የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ታተመ። ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው ግን መጽሐፉን መግዛት ያልቻለውም፣ ማንበብ የማይችለውም ሰው ጉዱ ካሣን ዐወቀው። ወጋየሁ «መጽሐፉ ጥሩ ነው» ብሎ አላለፈም፤ ድምፁንና ድካሙን ሰጠው።

እኛም ከዚህ እንማር። ያላነበብነውን መጽሐፍ አንምከር። ስንመክርም ለዚያ ወዳጃችን ለምን እንደሚስማማው አንድ ምክንያት እንጨምር። አሥር መጽሐፍ በአንድ ጊዜ መላክ ምክር ሳይሆን ሸክም ነው። መጽሐፍን ገጽ በገጽ ፎቶ አንሥቶ ማሠራጨት ደግሞ የደራሲውን እንጀራ መንካት ነው፤ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲውን የኢኮኖሚ መብት በሕይወቱ ዘመንና ካረፈ በኋላም ለ50 ዓመት ይጠብቅለታል። የራስን መጽሐፍ ማዋስ ግን ማንንም አይጎዳም። አንድ ቅጂ ከገንዳ ውሃ ተነሥቶ ኮኪት፣ ከዚያም መተማ ዮሐንስ ደርሶ ቢመለስ ሦስት ቤት አንብቦታል ማለት ነው።

ለውይይት የሚረዱ ጥያቄዎች

ሀ. በቅርቡ ከላክሁት ቀልድ ውስጥ የተነካው ሰው በፊቴ ቢቆም የማልከፍተው አለን?

ለ. ላላወቀው ሰው የሚዞርበትን ቀልድ ስቀበል ምን አደርጋለሁ? እልከዋለሁ ወይስ በእኔ ዘንድ ይቆማል?

ሐ. በዚህ ወር ለማን፣ የትኛውን መጽሐፍ፣ ስለ ምን ምክንያት አውሳለሁ?