በማሽኑ ውስጥ ያለው የሰው ድካም



ጽሑፍ የሚጽፈውና ለጥያቄ መልስ የሚሰጠው አመንጪ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ዛሬ በጥቂት ገንዘብ የሚገኝ ሆኗል። ጥቂት ወጣቶች ተባብረው የሚመሠርቱት ጀማሪ ኩባንያ አብዛኛውን ጊዜ መሣሪያውን ራሱ አይሠራውም፤ ከትልልቅ ድርጅቶች በክፍያ እየወሰደ የራሱን አገልግሎት በላዩ ይገነባል። ብዙዎች መሣሪያው ለምን ተግባር እንደሚውል ይጠይቃሉ። እኛ ግን በዚህ ትምህርት በማን ድካም እንደ ተሠራ እንመለከታለን።

ታይም የተባለው የአሜሪካ መጽሔት እ.ኤ.አ. በጥር 2023 እንደ ዘገበው፣ የቻትጂፒቲ ባለቤት የሆነው ኦፕንኤአይ ሳማ በተባለ ድርጅት አማካይነት በጎረቤታችን ኬንያ፣ በናይሮቢ ሠራተኞችን አሠርቶ ነበር። ሥራቸው በሕፃናት ላይ የሚፈጸም በደልን፣ ግድያንና ሥቃይን የሚገልጹ ጽሑፎችን እያነበቡ በየዓይነቱ መለየት ነበር፤ ማሽኑ ክፉውን ንግግር ለይቶ የሚያውቀው ሰው አስቀድሞ ሲለይለት ነውና። ውሉ ለሳማ በሰዓት 12.50 ዶላር ሲያስከፍል፣ በሠራተኛው እጅ የሚገባው ግን ከ1.32 እስከ 2 ዶላር ያህል ብቻ ነበር። ሳማ የውሉ ገንዘብ ሌሎች ወጪዎችንም እንደሚሸፍን ገልጿል። መጽሔቱ ያነጋገራቸው ሠራተኞች በበኩላቸው ሥራው አእምሯቸውን እንደ ጎዳው ተናግረዋል።

እንግዲህ አገልግሎቱን የሚገዛው ጀማሪ ኩባንያ በዚህ ተጠያቂ ነውን? የሥነ ምግባር ትምህርታችን በክፉ ሥራ መተባበርን በሁለት ይከፍለዋል። ክፉውን ወድዶና ፈቅዶ የሚተባበር ሁልጊዜ ይበድላል። ክፉውን ሳይወድ ሥራው ብቻ ከዚያ ጋር የሚነካካ ሰው ግን ንክኪው ቅርብ ወይም ሩቅ መሆኑ፣ በቂ ምክንያትም ያለው መሆኑ ይመዘንለታል። የገዢው ተባባሪነት እንደ እኛ አስተያየት ከሩቁ ወገን ነው። ነገር ግን ሩቅ መሆን ሆን ብሎ ላለማወቅ ፈቃድ አይሰጥም። የአንድ ትንሽ ደንበኛ ጥያቄ ማን ይሰማዋል ይባል ይሆናል፤ እውነት ነው፣ መልስ ላያገኝ ይችላል። ቢሆንም ከብዙ አቅራቢዎች አንዱን የሚመርጠው እርሱ ነውና፣ ሠራተኞቻቸውን እንዴት እንደሚይዙ ጠይቆ መምረጥ ይገባዋል።

ነገሩ የሚከብደው ኩባንያው ራሱ አሠሪ ሲሆን ነው። ለማሽን የሚሆን የአማርኛ ጽሑፍ በበይነ መረብ ጥቂት ስለሆነ፣ ዓረፍተ ነገር የሚያርሙ፣ ድምፃቸውን የሚቀርጹ ወጣቶች ያስፈልጋሉ፤ ክፍያውም በቁጥር ሊሆን ይችላል። እዚህ ላይ ሩቅ ተባባሪነት የሚባል ነገር የለም። «ተስማምተው ፈርመዋል» ማለትም አይበቃም። ር.ሊ.ጳ. ሊዮ 13ኛ እ.ኤ.አ. በ1891 «ሬሩም ኖቫሩም» በተባለው መልእክታቸው፣ ሠራተኛው በችግር ተገድዶ የተቀበለው ደመወዝ ስለ ተስማማበት ብቻ ፍትሐዊ እንደማይሆን አስተምረዋል። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2025 የተመረጡት ር.ሊ.ጳ. ሊዮ 14ኛም ስማቸውን የመረጡበትን ምክንያት ሲገልጹ ይህንኑ መልእክትና የሰው ሠራሽ አስተውሎትን ነገር አንድ ላይ አንሥተዋል።

የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ይህን ርእስ በሰባተኛው ትእዛዝ ሥር፣ ስለ ፍትሐዊ ደመወዝ ከሚሰጠው ትምህርት ጋር ቢያቀርቡት ይስማማል። የያዕቆብን መልእክት ምዕራፍ 5 ካነበቡ በኋላ፣ በተማሪዎቹ መካከል እንዲህ ያለ ሥራ የሠራ ካለ ስንት ሰዓት ሠርቶ ስንት እንደ ተከፈለው ይጠይቁት።